«ግዳጅ ላይ ነኝ» የሚለውን የኢንተርኔት ወታደር እንዴት እናጣራ?

መልእክቱ ብዙ ጊዜ በአንዲት «ሰላም ነሽ?» ይጀምራል። ፕሮፋይሉ ላይ የአሜሪካ ጦር የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ጸጉሩ ሸበት ያለ፣ ፈገግታው ደስ የሚል ሰው አለ። ሚስቱ ሞታበታለች ወይም ከድታዋለች። አንድ ልጅ አለው። ሶሪያ ወይም የመን ግዳጅ ላይ ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «ባለቤቴ» ማለት ይጀምራል። ወር ሳይሞላ ደግሞ ገንዘብ ብቻ የሚፈታው ችግር ይገጥመዋል። የሴት ወታደር ፎቶ ይዘው ወንዶችን የሚያጠምዱም አሉ፤ ማጣሪያው ለሁለቱም አንድ ነው።

የሚታለሉት ሞኞች አይደሉም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 70,000 ከሚጠጉ ሰዎች የፍቅር ማጭበርበር አቤቱታ ደርሶታል። ተወሰደብን ያሉት ገንዘብ በድምሩ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ከተጎጂዎቹ ግማሾቹ ያጡት ከ4,400 ዶላር በላይ ነው። «ወታደር ነኝ» ወይም «ሩቅ አገር ነኝ» የሚለው ደግሞ በብዛት ከተመዘገቡት ውሸቶች አንዱ ነው።

አጭበርባሪው ወታደር መሆንን የሚመርጠው ስለሚመቸው ነው። ወታደር ሩቅ ነው፣ ስልኩ ላይሠራ ይችላል፣ ሦስት ቀን ቢጠፋ ምክንያት አለው፣ ሰውም ያከብረዋል። ግን ይኸው ምርጫው ያጋልጠዋል። የወታደር ማዕረጉ፣ ደመወዙ፣ ፈቃዱ፣ ፖስታው፣ ልብሱ ሳይቀር በታወቀ ደንብ ይተዳደራል። «ይወደኛል ወይስ አይወደኝም?» የሚለው ጥያቄ በስልክ ስክሪን ላይ መልስ አይገኝለትም። «የነገረኝ ነገር በጦሩ አሠራር ይሆናል ወይስ አይሆንም?» የሚለው ግን መልስ አለው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ማጣሪያ ነው።

መጀመሪያ የገንዘቡን ጥያቄ መርምሩ

ፎቶ ከመመርመራችሁ በፊት የጠየቀውን ገንዘብ ምክንያት ከጦሩ አሠራር ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ላይ ያልቃል።

*«ፈቃድ ለማግኘት ክፍያ ያስፈልጋል።»* የአሜሪካ ወታደር በወር 2.5 ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይታሰብለታል። ፈቃዱን የሚጠይቀው ራሱ ወታደሩ ነው፤ የሚፈቅድለትም አዛዡ ነው። ሚስት፣ እጮኛ ወይም ወዳጅ በእሱ ስም ማመልከት አይችሉም። ክፍያ የሚባል ነገርም የለም፤ አንድም ዶላር።

*«በቦታዬ ለሚተካኝ ሰው መክፈል አለብኝ።»* ጦሩ ሰው የሚተካው በራሱ ትእዛዝ ነው። ወታደር ተተኪውን አይገዛም፤ ጡረታ ለመውጣትም አይከፍልም።

*«ቆስያለሁ፣ ሆስፒታሉ ገንዘብ ካልተከፈለው አያክመኝም።»* ግዳጅ ላይ የቆሰለ ወታደር በጦሩ ሐኪሞች ይታከማል፤ ከዚያም በመንግሥት ወጪ ወደ ትልቅ የጦር ሆስፒታል ይወሰዳል። ለጓደኛ የሚላክ የሕክምና ሂሳብ የለም።

*«ጦር ሜዳ ስላለሁ የባንክ ሂሳቤ ታግዷል።»* ደመወዙ በወር ሁለት ጊዜ፣ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን፣ በቀጥታ ባንኩ ይገባል። ግዳጅ መውጣት ሂሳብ አያሳግድም። ለእናንተ በየቀኑ መልእክት የሚልክበት ኢንተርኔት ካለው፣ ባንኩን የሚያይበትም አለው።

*«ለምግብ»፣ «የኢንተርኔት መስመር ለማስፈቀድ።»* ምግቡን ጦሩ ያበላዋል። አንዳንድ የጦር ሰፈር ውስጥ ወታደሮች ለግል ኢንተርኔት ይከፍሉ ይሆናል፤ የሚከፍሉት ግን ከደመወዛቸው ነው። ከሌላ አገር ሰው በሚላክ የስጦታ ካርድ (ከሱቅ ተገዝቶ በኮዱ ዕቃ የሚገዛበት ካርድ) የሚፈቀድ መስመር የለም።

*«ልጄ ታሟል፣ ሞግዚቷ ገንዘብ አልቆባታል።»* ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ የአሜሪካ ጦር አባል፣ ግዳጅ ሲወጣ ልጁን ማን እንደሚይዝ፣ ወጪውም እንዴት እንደሚሸፈን አስቀድሞ በጽሑፍ ማቅረብ ግዴታው ነው። ድንገተኛ ችግር ቢገጥመው እንኳ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠራዊቱ አባላት ያለ ወለድ የሚያበድር ወይም በነጻ የሚረዳ «አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ» የሚባል ድርጅት አለ። አዛዡን አልፎ፣ ይህን ድርጅት አልፎ፣ ቤተሰቡን አልፎ በአካል ወዳላየው ሰው የሚመጣበት ምክንያት የለም።

*«የሕይወት መድኅኔ ወራሽ አድርጌሻለሁ፣ የማስመዝገቢያ ላኪ።»* የአሜሪካ ወታደሮች መድኅን ከማርች 2023 ወዲህ ጣሪያው 500,000 ዶላር ነው፤ አጭበርባሪዎችም ይህን ቁጥር መጥራት ይወዳሉ። አረቦኑ ከወታደሩ ደመወዝ ይቆረጣል። ወራሽ ተብሎ የተመዘገበ ሰው አይከፍልም።

*«ወርቅ ወይም ዶላር ያለበት ሣጥን ልኬልሻለሁ።»* ይህ ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የሚበላው ነው፤ ምክንያቱም መጨረሻ የለውም። መጀመሪያ የኮሪየር፣ ቀጥሎ የጉምሩክ፣ ከዚያ «የፀረ ሽብር ማረጋገጫ»፣ ከዚያ የመጋዘን ኪራይ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ክፍያ «የመጨረሻው ነው» ይባላል። ሰው የማይወጣው «እስካሁን የከፈልኩት ከንቱ ይቅር?» በሚለው ሐሳብ ስለሚያዝ ነው። ሣጥኑ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

የአከፋፈሉ መንገድም ይናገራል። የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ፣ ጀርባውን ፍቃችሁ፣ ኮዱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ ከተባላችሁ ጥያቄው አልቋል። ካርዱ እጃችሁ ላይ ቢቀርም ገንዘቡ ኮዱ ላይ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ቢትኮይንም ሆነ ሌላ ክሪፕቶ ከተላከ በኋላ የሚመልሰው ባንክ የለም። «ለወኪሌ» ወይም «ለጓደኛዬ» ተብሎ በሦስተኛ ሰው ስም የሚላክ ገንዘብም ያው ነው።

ፎቶውን መፈተሽ

1. ፎቶውን ስክሪንሹት አንሱት። ጽሑፉንና ጠርዙን ቆርጣችሁ ፊቱንና ደረቱን ብቻ አስቀሩ።

2. ፎቶ ተጭኖባቸው ያንኑ ምስል ኢንተርኔት ላይ በሚፈልጉት በጉግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ ፈልጉት። ቲንአይ ያንኑ ፎቶ ቅጂውን ያድናል፤ ያንዴክስ ተመሳሳይ ፊት በማግኘት ይሻላል። በአንዱ ብቻ ፈልጋችሁ አትተዉ።

3. ምንም ካልመጣ ፎቶውን በስልካችሁ ማስተካከያ ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ እንደገና ፈልጉ። አጭበርባሪዎች የሰረቁትን ፎቶ የሚገለብጡት ፍለጋውን ለማምለጥ ነው።

4. ያው ሰው በሌላ ስም ከወጣ፣ ፎቶው የተሰረቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጦሩ ይፋዊ የፎቶ ድረ-ገጽ ላይ፣ የእውነተኛው ወታደር ስምና ቀኑ ከሥሩ ተጽፎ ነው።

ፍለጋው ምንም ካላመጣ ግን ሰውዬው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ከተዘጋ ፕሮፋይል የተወሰደ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ፎቶ ፍለጋ ላይ አይወጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ፈልጌ አጣሁት፣ ስለዚህ እሱ ነው» ብሎ ይረጋጋል።

ቀጥሎ ልብሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በአሜሪካ ምድር ጦር የመስክ ልብስ ላይ የቤተሰብ ስም በለባሹ ቀኝ ደረት፣ «ዩ.ኤስ. አርሚ» የሚለው በግራ ደረቱ፣ ማዕረጉ መሐል ደረቱ ላይ ነው። ባንዲራው ቀኝ ትከሻው ላይ ሆኖ ኮከቦቹ ወደ ፊት ይዞራሉ። ፎቶው ላይ ስሙ በለባሹ ግራ በኩል ከሆነ ፎቶው ተገልብጧል፤ ፊደሎቹ ግን ቀጥ ብለው ከተነበቡ ስሙ በኋላ ተለጥፎበታል። የስም ጨርቁን አጉሉት፦ ጨርቁ ታጥፎ ሳለ ፊደሎቹ አብረው ካልታጠፉ፣ ጥላ ካላረፈባቸው ወይም ከ«ዩ.ኤስ. አርሚ» ፊደሎች ይልቅ ጥርት ካሉ በኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው።

የልብሱ ቀለምም ዘመን ይናገራል። በትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተሠራው ግራጫማ የምድር ጦር ልብስ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2019 በኋላ ከአገልግሎት ወጥቷል። «ዛሬ ጠዋት የተነሳሁት» ብሎ በዚያ ልብስ ፎቶ ከላከ፣ ፎቶው ቢያንስ የዓመታት ዕድሜ አለው።

መታወቂያውን ከላከላችሁ ደግሞ ይህ ራሱ ምልክት ነው። የአሜሪካ ወታደራዊ መታወቂያን ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳትና ማባዛት በሕግ የተከለከለ ነው፤ እውነተኛ ወታደር እምነት ለማግኘት ብሎ ለማያውቀው ሰው አይልክም።

ታሪኩን ከጦሩ ደንብ ጋር ማስተያየት

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» እንደሚባለው፣ የነገራችሁን ሁሉ በቀን በቀን ጻፉት። ስም፣ ዕድሜ፣ ማዕረግ፣ ቦታ፣ የልጁ ስምና ዕድሜ፣ ጡረታ የሚወጣበት ቀን። አንድ አካውንት ጀርባ ብዙ ጊዜ ተራ እየገቡ የሚጽፉ ሰዎች ስላሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ስትጠይቁ ልጁ ዕድሜው ይለወጣል፣ ሚስቱም ሌላ ሞት ትሞታለች።

*ማዕረግና ዕድሜ።* በአሜሪካ ጦር መኮንን ሻለቃ ለመሆን 10 ዓመት ገደማ፣ ሌተና ኮሎኔል ለመሆን 16 ገደማ፣ ኮሎኔል ለመሆን 22 ገደማ ያገለግላል። አብዛኛው መኮንን ሥራ የሚጀምረው በ22 ዓመቱ አካባቢ ስለሆነ፣ የ35 ዓመት ኮሎኔል ማመን ይከብዳል፤ የ38 ዓመት ጄኔራል ጨርሶ። ጄኔራሎች ጥቂት ናቸው፤ የሕይወት ታሪካቸው ከእነ ፎቷቸው በይፋ ተጽፏል። በስማቸው የሚጽፍላችሁ ሰው ግን ያንኑ ጽሑፍ አንብቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ታሪኩ ከይፋዊው ጋር መግጠሙ ማስረጃ አይሆንም። ሙሉ የጡረታ አበልም በመደበኛው ከ20 ዓመት አገልግሎት በፊት የለም፤ የ32 ዓመት ሰው «ጡረታዬ ደርሷል» ካለ ሒሳቡ አይገጥምም።

*አጠራሩ።* ማዕረግ የሚጠራው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። ራሱን «ሳጅን ጆን» ወይም «ጄኔራል ማይክል» እያለ የሚያስተዋውቅ ሰው ጦሩን አያውቀውም።

*ቦታው።* የመጨረሻዎቹ የአሜሪካ ወታደሮች አፍጋኒስታንን ለቀው የወጡት በኦገስት 30 ቀን 2021 ነው። «ካቡል ግዳጅ ላይ ነኝ» የሚል ካለ ዛሬም የድሮውን ጽሑፍ እየገለበጠ ነው። «የተባበሩት መንግሥታት ወታደር ነኝ» የሚሉም ብዙ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የራሱ ሠራዊት የለውም፤ ሰላም አስከባሪዎቹን አባል አገሮች ያውሱታል፤ አሜሪካ የምታውሰው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው።

*ኢሜይሉ።* የአሜሪካ ጦር አባላት ይፋዊ ኢሜይል መጨረሻው ነጥብ ሚል ነው፤ ኤም፣ አይ፣ ኤል። ላኪው ላይ የሚታየው ስም ምንም ሊባል ስለሚችል ስሙን ነክታችሁ ሙሉ አድራሻውን ክፈቱ። ከ«አት» ምልክት በፊት ያለው ማንም የሚጽፈው ነው፤ የምታዩት የመጨረሻውን ነው። «ዩኤስ አርሚ ሚል» ብሎ በነጥብ ኮም የሚጨርስ አድራሻ የጦሩ አይደለም። የላኪ አድራሻ ሊመሰል ስለሚችልም፣ በነጥብ ሚል የሚያልቅ አድራሻውን ተቀብላችሁ እናንተ አንድ ያልተለመደ ቃል ላኩለት፤ ቃሉን በቻት እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው የማይደርሰው ሰው ቃሉን አያውቀውም።

*ፖስታው።* ውጭ አገር ያሉ የአሜሪካ ወታደሮች በወታደራዊ ፖስታ አድራሻ ደብዳቤና ጥቅል ይቀበላሉ፤ ቤተሰቦቻቸው ሁሌም ይልኩበታል። «ካልሲ ልልክልህ ነው፣ አድራሻህን ስጠኝ» በሉት። ምስጢር ነው ካለ፣ ወይም ሌላ አገር ያለ «ወኪል» አድራሻና የባንክ ቁጥር ከሰጠ፣ መልሱን አግኝታችኋል።

ፌስቡክ ላይ ከሆነ የፕሮፋይሉን ሊንክ አንብቡት። የሚታየውን ስም ሲቀይሩ ሊንኩ ውስጥ የቀረውን የድሮ ስም የሚረሱ አሉ። ሁሉም ፎቶዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተጫኑ፣ ጓደኞቹም በአብዛኛው ብቻቸውን የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ከሆኑ፣ አካውንቱ ለአደን የተከፈተ ነው። ረጃጅም የፍቅር መልእክቶቹንም ቆርጣችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉ፤ ያው ደብዳቤ ለስንቱ ተልኮ ታገኙታላችሁ።

የፈቃድ ደብዳቤውን ቀርበን እንየው

ጥርጣሬ ስታሳዩ ብዙ ጊዜ ከ«አዛዡ» ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ስለሚያስፈራ ብዙዎች የሚከፍሉት እዚህ ላይ ነው።

አናቱ ላይ የንስር ዓርማ አለ፤ አጠገቡም የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ። ሁለቱ አብረው የወታደር ፈቃድ አይፈርሙም። «ለክብርት እጮኛው» ተብሎ ለእናንተ ተጽፏል፤ ጦሩ ግን ስለ ፈቃድ የሚጻጻፈው ከወታደሩ ጋር ነው። መሐሉ ላይ ሠንጠረዥ አለ፦ መደበኛ ፈቃድ ይህን ያህል፣ አስቸኳይ ፈቃድ ይህን ያህል፣ «ሲመለስ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ» የሚል ማባበያ ተጨምሮበት። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተከፈለ ግዳጁ እንደሚራዘም ያስጠነቅቃል። የጊዜ ገደቡ የተቀመጠው ሰው እንዳትጠይቁ ነው። ግርጌው ላይ የጄኔራል ፊርማ አለ፤ የአንድን ሃምሳ አለቃ ፈቃድ የሚያየው ግን የቅርብ አዛዡ ነው። የመልስ ኢሜይሉ ማንም በነጻ የሚከፍተው ነው፤ ከፋዩ የሚልከውም ለመንግሥት ሂሳብ ሳይሆን ለአንድ ግለሰብ ወይም ለቢትኮይን ቁጥር ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢገኝ ለመተው ይበቃል።

በቀጥታ መፈተን

«ቪዲዮ ለደኅንነት ተከልክሏል» የሚለው ሰበብ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሳምንት እውነት ሊሆን ይችላል። ለሦስት ወር ግን አይሆንም። ቪዲዮ ኮል ካደረገም ዝም ብላችሁ ፊቱን አትዩ፤ የተቀዳ ቪዲዮ የሚያጫውቱ፣ ፊት በፕሮግራም የሚቀይሩም አሉ። ሳታስጠነቅቁ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን እንዲዞር፣ መዳፉን በፊቱ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያሳልፍ፣ አሁን የምትነግሩትን ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲያሳይ ጠይቁ። የተቀዳው አይታዘዝም፤ የተቀየረ ፊትም ብዙ ጊዜ ጆሮና ጣት አካባቢ ይንቀጠቀጣል ወይም ይደበዝዛል። ቴክኖሎጂው እየተሻሻለ ስለሆነ ፈተናውን ቢያልፍም ገንዘብ ያለመላክን ደንብ አትልቀቁ። ምስሉ አሥር ሰከንድ ታይቶ «ኔትወርኩ ተቋረጠ» ከተባለ አልፏል አትበሉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ስህተቱን ካገኛችሁ በኋላ በምን እንዳወቃችሁት አትንገሩት። ለሚቀጥለው ሰው አርሞ ይቀርባል።

ገንዘብ ከላካችሁ

ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ሁሉንም አስቀምጡ፦ ቻቱን፣ የፕሮፋይሉን ሊንክ፣ ስልክና ኢሜይሉን፣ የባንክ ቁጥሩን፣ ደረሰኞቹን። ከዚያ ወዲያውኑ ባንካችሁን ወይም ሐዋላውን ደውላችሁ «ተጭበርብሬያለሁ፣ ዝውውሩ ይቁም» በሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰ አንዳንዴ ይያዛል፣ ከቀናት በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል። የስጦታ ካርድ ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ይዛችሁ ካርዱን ላወጣው ኩባንያ ደውሉ። ላላችሁበት አገር ፖሊስ አመልክቱ፤ አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ኤፍቢአይ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያስተዳድረው አይሲ3 በተባለው የኢንተርኔት ወንጀል መቀበያ ድረ-ገጽ ላይ መዝግቡ። ፕሮፋይሉንም ለተገናኛችሁበት ድረ-ገጽ ወይም መተግበሪያ ሪፖርት አድርጉ።

በሂሳባችሁ ገንዘብ ተቀብላችሁ ለሌላ እንድታስተላልፉ ከጠየቀ በፍጹም እሺ አትበሉ። ያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከሌላ ተጎጂ የተወሰደ ነው፤ ተጠያቂ የምትሆኑትም እናንተ ናችሁ። ስልካችሁ ላይ አስጭኗችሁ የነበረ የርቀት መቆጣጠሪያ መተግበሪያ ካለ አጥፉት፣ ከዚያ የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ስልክ ላይ ቀይሩ። የእርቃን ፎቶ ይዞ ቢያስፈራራ አትክፈሉ፤ አንዴ የከፈለን ሰው ደጋግሞ ይጠይቃል።

ከሳምንታት በኋላ «ገንዘብሽን እናስመልሳለን» የሚል መርማሪ ወይም ጠበቃ ሊመጣ ይችላል። ስማችሁንና ያጣችሁትን መጠን በትክክል ማወቁ አያስገርምም፤ ወይ ራሱ አጭበርባሪው ነው፣ ወይ ስማችሁን ከእሱ ገዝቶታል። እሱም በቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል።

የተያዘው ሌላ ሰው ከሆነ

እናታችሁ ወይም እህታችሁ ከእንዲህ ያለ «ወታደር» ጋር እየተጻጻፈች ከሆነ «ተሞኘሽ» አትበሏት። አጭበርባሪው አስቀድሞ «ቤተሰቦችሽ ይቀኑብናል» ብሎ አዘጋጅቷታል፤ ስድቡ የእሱን ቃል እውነት ያስመስለዋል። ሰውዬውን አትንቀፉ፤ አንድ ፈተና ብቻ ለምኗት፤ የፖስታ አድራሻውን ወይም የኢሜይሉን ቃል። ፈተናውን ራሷ ታድርገው፣ መልሱንም ራሷ ትስማው። እስከዚያው ገንዘብ እንዳትልክ ብቻ ቃል አስገቧት፤ ሰበቡ ሲደራረብ አጠገቧ ሁኑ። የባንክ ደብተሯን ነጥቆ መደበቅ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን በሌላ መንገድ በድብቅ እንድትልክ ያደርጋታል።